«አፍህን ዝጋ» ማለት ብቻ ለምን አይበቃም? ስለ ምላስ ስፖርት

ልጆች ሳለን ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጠን አፋችን ሲከፈት «አፍህን ዝጋ፣ ዝንብ ይገባብሃል» እንባል ነበር። ወዲያው እንዘጋለን። ትንሽ ቆይቶ ተመልሶ ይከፈታል። ለብዙው ልጅ ነገሩ በዚያው ያልፋል። አንዳንዱ ግን ቀኑን ሙሉ በአፉ ሲተነፍስ ይውላል፣ ሌሊት እንደ ትልቅ ሰው ያንኮራፋል፣ ጠዋት ትራሱ በለሃጭ ርሶ ይገኛል፣ ክፍል ውስጥ ደግሞ ወይ ያንቀላፋል ወይ አንድ ቦታ መቀመጥ ያቅተዋል። ይህን ልጅ መቶ ጊዜ አፍህን ዝጋ ቢሉት ለውጥ የለም። አፉን የሚያስከፍተው ነገር አለዋ።

ቲክቶክ ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። ጎረምሶች ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው «ዝም» ካሉ በኋላ የመንጋጋቸውን መስመር በጣት እየተከተሉ ያሳያሉ። ሌሎቹ አፋቸውን በፕላስተር ለጥፈው ይተኛሉ። ከዚህ ሁሉ ግርግር ጀርባ ግን እውነተኛ የሕክምና ሥራ አለ። ማዮፈንክሽናል ቴራፒ ይባላል። ስሙ አፍ ያስራል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው፤ ለምላስ፣ ለከንፈር፣ ለጉንጭና ለጉሮሮ ጡንቻዎች የሚሠራ ፊዚዮቴራፒ በሉት። እግሩ የተሰበረ ሰው ጀሶው ሲወልቅለት እንዴት መራመድ እንዳለበት እንደገና እንደሚለማመደው፣ እዚህም ሰው እንዴት ምላሱን እንደሚያሳርፍ፣ እንዴት እንደሚውጥና በአፍንጫው እንደሚተነፍስ እንደገና ይለማመዳል።

ምላስ ሥራ ሲፈታ የት ይቀመጣል?

ይህን እያነበባችሁ ሳለ ምላሳችሁ የት ነው ያለው? ቆም ብላችሁ እዩት። እስከ ዛሬ ጠይቃችሁት የማታውቁት ጥያቄ ሊሆን ይችላል።

ባለሙያዎቹ ትክክለኛ የሚሉት እረፍት እንዲህ ነው። ከንፈር ሳይጨነቅ ገጠም ይላል። የላይና የታች ጥርስ አይነካካም፣ በመካከላቸው ትንሽ ክፍተት ይቀራል። የምላስ ጫፍ ከላይኛው የፊት ጥርሶች ጀርባ ድዱ ላይ ያለችውን ጉብ ያለች ቦታ ይነካል፤ ጥርሱን ግን አይገፋም። የቀረው የምላስ አካል ላንቃ ላይ ተለጥፎ ያርፋል። አየሩ በአፍንጫ ይገባል፣ በአፍንጫ ይወጣል። ቦታዋን ለማግኘት «ነ» በሉ። «ነ» ስትሉ የምላሳችሁ ጫፍ የሚነካው ቦታ ለእሷ በጣም ቅርብ ነው።

አፉን ከፍቶ የሚተነፍስ ሰው ይህን ማድረግ አይችልም። አየር በአፍ እንዲያልፍ ምላስ ከላንቃ መውረድ አለበት፤ መንገዱን ዘግቶ ተቀምጦ አየር አሳልፍ ማለት አይቻልም። ስለዚህ ምላሱ ታች፣ ከታችኛው ጥርስ አጠገብ ተኝቶ ይኖራል። ምላስ ደግሞ አንድ ጡንቻ እንዳይመስላችሁ። ስምንት ዓይነት ጡንቻ ተጋምዶ የተሠራ ነው፦ አራቱ በራሱ ውስጥ ሆነው ቅርፁን ይለውጣሉ፣ አራቱ ከውጭ ከአጥንትና ከአካባቢው ጋር አያይዘው ወዲያና ወዲህ ያንቀሳቅሱታል። ጡንቻ እንደመሆኑ ካልሠራ ይሰንፋል። ካሠሩት ይጠነክራል። የዚህ ሕክምና ሐሳብ በሙሉ የሚነሳው ከዚህች ነጥብ ነው።

በአፍስ ቢሆን የሚገባው ያው አየር አይደል?

አየሩ ያው ነው፤ የሚያልፍበት በር ይለያል።

አፍንጫ እንደ ቤት መግቢያ በረንዳ ነው። ከውጭ የመጣው እንግዳ እዚያ ጫማውን ያራግፋል። አቧራው በፀጉሩና በንፍጡ ይያዛል፣ ቀዝቃዛው አየር ይሞቃል፣ ደረቁ ይረጥባል፣ ከዚያ ነው ወደ ሳንባ የሚወርደው። በአፍ የገባ አየር ይህን ሁሉ ዘሎ ቀጥታ ሳሎን ይገባል። በበጋ አዲስ አበባ ውስጥ የመንገድ ሥራ ባለበት ሰፈር የሚኖር ሰው ልዩነቱን ጉሮሮው ይነግረዋል።

ሌላም አለ። በአፍንጫችን ዙሪያ ያሉት ክፍት የአጥንት ጓዳዎች፣ ሳይነስ የሚባሉት (እኛ ሳይነስ የምንለው ሕመሙን ነው፣ ስሙ ግን የቦታው ነው)፣ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ያመርታሉ። ይህን የስዊድኑ ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ አጋማሽ አሳይተዋል (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ጋዙ በአፍንጫ ስንተነፍስ ከአየሩ ጋር ወደ ሳንባ ይወርድና የደም ሥሮችን ዘና ያደርጋል፤ ደም ኦክስጅን እንዲቀበል ያግዛል። የደም ሥርን ለማላላት መልእክተኛ ሆኖ እንደሚሠራ ያረጋገጡት ሦስት አሜሪካውያን ሳይንቲስቶች በ1998 የኖቤል ሽልማት የወሰዱበት ያው ጋዝ ነው። በአፉ የሚተነፍስ ሰው ከዚህ የሚደርሰው ትንሽ ነው።

አፍ ደግሞ ሲደርቅ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ምራቅ የጥርስ ጠባቂ ነው፤ አሲዱን ያጥባል፣ ጀርሙን ያዳክማል። ሌሊቱን ሙሉ አፉ ተከፍቶ የሚያድር ሰው ጠዋት ምላሱ እንደ ቆዳ ደርቆ፣ ትንፋሹ ከብዶ የሚነሳው ለዚህ ነው። የጥርስ መበስበሱና የድድ መቁሰሉም በዚያው መንገድ ይመጣል።

ይህ ማለት በአፍ መተንፈስ ክልክል ነው ማለት አይደለም። እንጦጦን በሩጫ የሚወጣ ሰው አፉን ይከፍታል፣ መክፈትም አለበት። የምናወራው ቁጭ ብሎ ወይም ተኝቶ ሳለ በአፉ ስለሚተነፍሰው ሰው ነው።

አፉ መጀመሪያውኑ ለምን ተከፈተ?

ብዙ ሰው የሚዘላት ጥያቄ ይህች ናት። በኔ ግምት ከሁሉ የምትበልጠውም እሷው ናት።

አፍንጫው የተዘጋ ሰው በአፉ ይተነፍሳል፤ ሌላ ምን ያድርግ? በልጆች ላይ ዋናው ዘጊ አዴኖይድ የሚባለው ከአፍንጫ ጀርባ ያለ እጢ ነው። ሁሉም ልጅ አለው። አንዳንዱ ላይ ግን ያብጥና በሩን ይዘጋል። ቶንሲልም አብሮ ሲያብጥ መንገዱ ይበልጥ ይጠባል። ከዚያ አለርጂ አለ፣ የማገዶና የከሰል ጭስ አለ፣ የማያባራ ጉንፋን አለ፣ አፍንጫን ለሁለት የሚከፍለው ግድግዳ መጣመም አለ። እነዚህ ባሉበት አፍህን ዝጋ ማለት በሩ የተቆለፈበትን ሰው ለምን በመስኮት ገባህ እንደማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የኛ አገር ነገር መነሳት አለበት። ልጅ ሲያስለው ወይም ጉሮሮውን ሲያመው «እንጥሉ ወርዷል» ተብሎ እንጥል የሚያስቆርጡ ቤተሰቦች አሁንም አሉ። እንጥል በሽታ አይደለም። የለስላሳው ላንቃ ጫፍ ነው። ለስላሳው ላንቃ ደግሞ ስንውጥ ምግብ ወደ አፍንጫ እንዳይሄድ መዝጊያ ነው። ማንኮራፋቱም የልጁ ትንፋሽ ማጠሩም በመቁረጥ አይድንም። በየቤቱ በምላጭ ሲቆረጥ የሚከተለው የደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ነው። ጎጂ ልማዳዊ ድርጊት ተብሎ ስንት ዓመት ሲወገዝ የኖረውም በከንቱ አይደለም።

አሁን ወደ ገራሚው ክፍል እንምጣ። አንዳንድ ልጅ አዴኖይዱ ይወጣለታል፣ አለርጂው ይታከማል፣ አፍንጫው ወለል ብሎ ይከፈታል፤ አፉ ግን አይዘጋም። ለምን? ለዓመታት የለመደው ነዋ። ከንፈሩ ሰንፏል፣ ምላሱ ታች መተኛትን ለምዷል። እግሩ ድኖም የሚያነክስ ሰው አይታችሁ ታውቁ ይሆናል፤ አጥንቱ ተጠግኗል፣ አካሄዱ ግን ገና አልተጠገነም። ማዮፈንክሽናል ቴራፒ የሚገባው እዚህ ቦታ ላይ ነው። በሩ ከተከፈተ በኋላ በበሩ መግባትን ያስተምራል። የተዘጋ አፍንጫ አይከፍትም፣ ትልቅ ቶንሲል አያሳንስም።

ጥርስና ፊት ምን አገባቸው?

ሸክላ ሠሪ ስትሠራ አይታችሁ እንደሆነ አንድ እጇ ከውስጥ ነው፣ ሌላው ከውጭ። የውስጡ እጅ ይደግፋል፣ የውጩ ይጫናል፣ የማሰሮው ግድግዳ ሁለቱ እጆች የተስማሙበት ቦታ ላይ ይቆማል። ጥርሶችም እንደዚያው ናቸው። ከውስጥ ምላስ፣ ከውጭ ጉንጭና ከንፈር። ቀስ ያለ፣ ግን ቀንም ሌሊትም የማይቋረጥ ግፊት ጥርስን ሊያንቀሳቅስ ይችላል። ብሬስ የሚባለው የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ የሚሠራውም በዚሁ ነው።

የውስጡ እጅ ከቦታው ሲነሳ ምን ይሆናል? ምላስ ታች ሲተኛ ላንቃውን ከውስጥ የሚደግፈው ይጠፋል፣ ጉንጭ ግን መጫኑን አያቆምም። በአፋቸው በሚተነፍሱ ልጆች ላይ ጠባብና ከፍ ያለ ላንቃ፣ የተጨናነቁ ጥርሶችና ረዘም ያለ ፊት ብዙ ጊዜ አብረው ይታያሉ። በ1970ዎቹና 80ዎቹ ኢጊል ሃርቮልድ የተባለ ተመራማሪ ካሊፎርኒያ ውስጥ የጦጣዎችን አፍንጫ ደፍኖ ያሳደገበት ሙከራ አለ (ዛሬ ቢሆን ይፈቀድለት እንደሆን እንጃ)። ጦጣዎቹ በአፍ ለመተንፈስ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን መላ ፈጠሩ፤ አንዱ መንጋጋውን ዝቅ አድርጎ ያዘ፣ ሌላው ምላሱን ወደ ፊት አወጣ። የጥርሳቸው አገጣጠምና የፊታቸው ቅርፅም እንደየመላቸው ተለዋወጠ።

ቆይ ግን። ሰው ጦጣ አይደለም፣ አፍንጫውም መቶ በመቶ የሚደፈን ጥቂት ነው። የፊት ቅርፅ በአብዛኛው ከእናትና ከአባት ይወረሳል። አፉን ከፍቶ ተንፍሶ ጥርሱ ቀጥ ያለ ልጅ አለ፣ አፉን ዘግቶ ጥርሱ የተደራረበ ልጅም አለ። ስለዚህ የልጃችሁ ጥርስ ተጣሞ ከሆነ ራሳችሁን አትውቀሱ።

አንድ የጠራ ነገር ግን አለ፦ ጣት መጥባት። ወተት ጥርሱ እስኪነቀል ድረስ አውራ ጣቱን የሚጠባ ልጅ የላይና የታች የፊት ጥርሶቹ መሀል ብዙ ጊዜ ቀዳዳ ይቀራል። ምላስ ቀዳዳ ይወዳል። ልጁ በዋጠ ቁጥር ምላሱን በዚያ ክፍተት ወደ ፊት ይገፋል። በቀን ብዙ መቶ ጊዜ ነው የምንውጠው። ጥርስ በብሬስ ከተስተካከለ በኋላም ምላሱ መግፋቱን ከቀጠለ ክፍተቱ ሊመለስ ይችላል፤ የጥርስ አስተካካይ ሐኪሞች ወደዚህ ቴራፒ ፊታቸውን ያዞሩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሐሳቡም አዲስ አይደለም። አልፍሬድ ሮጀርስ የተባለ አሜሪካዊ የጥርስ አስተካካይ ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት የፊት ጡንቻዎችን ሕይወት ያላቸው ማስተካከያዎች ብሎ ጠርቷቸው ነበር።

ማንኮራፋቱስ ከምላስ ጋር ምን አገናኘው?

ማንኮራፋት እኛ ዘንድ ቀልድ ነው። ለቅሶ ቤት ፍራሽ ላይ አብራችሁ ያደራችሁት አጎት ጠዋት መሳቂያ ይሆናል። «ሌሊቱን ሙሉ መኪና ስታስነሳ አደርክ» ይባላል፣ ቡና ይጠጣል፣ ያልፋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የንፋስ ቧንቧችን ከደረት ወደ ላይ በጠንካራ ቀለበቶች የተደገፈ ነው። ጉሮሮ ላይ ሲደርስ ግን ድጋፍ የለውም፤ ጡንቻና ሥጋ ብቻ ነው። ማለፊያውን ክፍት አድርገው የሚይዙት ጡንቻዎች ናቸው፤ ዋናው ደግሞ ከአገጭ ተነስቶ ምላስን ወደ ፊት የሚጎትተው ትልቁ የምላስ ጡንቻ ነው። ስንተኛ ይላላል። በጀርባ ስንተኛ ምላስ ወደ ኋላ ይወድቃል። ማለፊያው ይጠባል፣ የጠበበው ቦታ ላይ አየር ሲያልፍ ለስላሳው ላንቃና እንጥል ይርገበገባሉ። ድምፁ ይሄው ነው።

ጨርሶ ሲዘጋ ደግሞ ትንፋሽ ይቆማል። ለ10 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲቆም ሐኪሞች አፕኒያ ይሉታል። አንጎል ይደነግጣል፣ ሰውየውን ለቅጽበት ይቀሰቅሰዋል፣ ያቃስታል፣ ይተነፍሳል፣ ይተኛል። ጠዋት አንዱንም አያስታውስም። የሚያስታውሰው አጠገቡ የተኛው ሰው ነው። አዋቂ ሰው ላይ ይህ መዘጋት ወይም መጥበብ በሰዓት ከ5 በታች ከሆነ ችግር የለም፤ ከ5 እስከ 15 ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 መካከለኛ፣ ከ30 በላይ ከባድ ይባላል። ከባድ ማለት እንግዲህ በየሁለት ደቂቃው ትንፋሹ የሚታፈን ሰው ማለት ነው። ልጅ ላይ መስፈርቱ ጠበቅ ይላል፤ በሰዓት ከአንድ ጊዜ በላይ ከሆነ ትኩረት ይፈልጋል። ካልታከመ የደም ግፊትን ያባብሳል፣ ልብን ያደክማል፣ መሪ ላይ እንቅልፍ ያመጣል።

ዋናው ሕክምና ሲፓፕ የሚባል መሣሪያ ነው። አውስትራሊያዊው ሐኪም ኮሊን ሱሊቫን በ1981 ይፋ ያደረገው ነው። በጭምብል አየር እየነፋ ጉሮሮው እንዳይከደን ያደርጋል። በደንብ ይሠራል። ችግሩ፣ ብዙ ሰው ጭምብል አድርጎ ማደር ያቅተዋል። ተመራማሪዎቹም ጡንቻውን ራሱን ብናጠነክረውስ ብለው ያሰቡት ከዚህ ተነስተው ነው።

ስፖርቱ ምን ይመስላል?

ያስቃል። ከመስታወት ፊት ብቻችሁን ሁኑ።

የምላስን ጫፍ ከላይ ጥርስ ጀርባ ካለችው ቦታ ተነስቶ ላንቃውን እየጠረገ ወደ ኋላ መጎተት አለ። ምላስን በሙሉ ላንቃ ላይ ለጥፎ፣ እንደ መምጠጥ አድርጎ፣ አፍን ከፈት እያደረጉ መያዝ አለ። ምላስን ከላንቃ «ቷ» አድርጎ ማላቀቅ አለ፤ የጋሪ ነጂ ፈረሱን ሲያንቀሳቅስ የሚያሰማት ድምፅ ናት። ሐኪም ጉሮሮህን ልይ ሲል እንደምናደርገው «አ» እያሉ እንጥልን ወደ ላይ ማንሳት አለ። ጣትን ጉንጭ ውስጥ አስገብቶ ወደ ውጭ እየገፉ በጉንጭ ጡንቻ መመለስ አለ። ለከንፈር ደግሞ ጠፍጣፋ የአይስክሬም እንጨት በጥርስ ሳይሆን በከንፈር ብቻ ይዞ መቆየት። ከዚያ ምግብ ላይ ይመጣል፦ በሁለቱም ጎን ማላመጥ፣ ሲውጡ ምላስን ጥርስ ላይ ሳይሆን ላንቃ ላይ መጫን።

እኔ ምላስን ላንቃ ላይ መለጠፏን ሞክሬያት ነበር። ቀላል መስሎኝ። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ከአገጬ ሥር ያለው ሥጋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እዚያ ጡንቻ እንዳለኝም ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

እልልታ የሚያውቅበት ሰው ምላሱ ፈጣን ነው፣ ስለዚህ ተገላግያለሁ እንዳትሉ። እልልታ ፍጥነት ነው። እዚህ የሚፈለገው ብርታትና ጽናት ነው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ልማድ። በቀን ግማሽ ሰዓት ሠርቶ የቀረውን ጊዜ አፍ ከፍቶ መዋል ብዙም አይጠቅምም። ለዚህ ነው ባለሙያዎች ከስፖርቱ ጎን ማስታወሻ የሚሰጡት። ፍሪጅ ላይ፣ ስልክ ላይ፣ የልጁ ደብተር ላይ አንዲት ምልክት ትለጠፋለች። ባያት ቁጥር ምላሱ የት እንዳለ ያስታውሳል። ሥራው ወራት ይፈጃል። መመሪያ መከተል የማይችል ሕፃን ላይ አይሞከርም።

እውነት ይሠራል ወይ?

በብዛት የሚጠቀሰው ጥናት የመጣው ከብራዚል ነው። በ2009 ሳኦ ፓውሎ ውስጥ መካከለኛ አፕኒያ ያለባቸውን 31 ሰዎች ወስደው ለሁለት ከፈሏቸው። አንደኛው ቡድን በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ያህል የምላስና የጉሮሮ ስፖርት ሠራ፣ ሌላው ጥልቅ ትንፋሽ ብቻ ተለማመደ። ከ3 ወር በኋላ የስፖርተኞቹ ትንፋሽ መታፈን በአማካይ በሰዓት ከ22 ወደ 14 ገደማ ወረደ። ክብደታቸው አልቀነሰም፤ የአንገታቸው ዙሪያ ግን ትንሽ ቀነሰ። ማንኮራፋታቸውም ረገበ። በ2015 ደግሞ እስከዚያ የወጡ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ በአዋቂዎች ላይ የመታፈኑ ቁጥር በግማሽ ያህል፣ በልጆች ላይ ደግሞ በ62 በመቶ ገደማ መቀነሱ ተዘገበ።

የኔ ተወዳጅ ግን የስዊዘርላንዱ ነው። ዲጀሪዱ የሚባል የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች የሚነፉት ረጅም የእንጨት መሣሪያ አለ፤ ሲያዩት የኛን መለከት ያስታውሳል። በ2006 የታተመ ጥናት ላይ የሚያንኮራፉ ሰዎች ለ4 ወር ዲጀሪዱ መንፋት ተማሩ። ቀን ቀን እንቅልፍ እንቅልፍ ማለታቸው ቀነሰ፤ አብረዋቸው የሚተኙት ሰዎችም እፎይ አሉ። ጥናቱ በ2017 አስቆ የሚያሳስቡ ምርምሮችን የሚሸልመውን ኢግ ኖቤልን፣ ያውም በሰላም ዘርፍ፣ አግኝቷል። ትዳር ያዳነ ጥናት በሰላም ቢሸለም ምን ይገርማል?

አሁን ቀዝቀዝ እናድርገው። 31 ሰው ጥቂት ነው። የስዊሶቹ ደግሞ 25 ብቻ ነበሩ። በ2020 ኮክሬን የተባለው ጥናቶችን የሚመዝን ተቋም ያለውን ሁሉ መርምሮ ተስፋ አለው፣ ማስረጃው ግን ደካማ ነው ብሏል፤ ጥናቶቹ ትንንሽና አጫጭር ስለሆኑ። ሌላው ጉዳይ፣ ስፖርቱን ያቋረጠ ሰው እንደማንኛውም ጂም እንዳቋረጠ ሰው ነው። ከባድ አፕኒያ ያለበት ሰው ደግሞ በሰዓት 40 ጊዜ መታፈኑ በግማሽ ቢቀንስለት እንኳ 20 ይቀረዋል። ስለዚህ ምላሴን እያሠራሁ ነው ብሎ ሲፓፑን የሚያስቀምጥ ሰው ተሳስቷል። ተጨማሪ ነው እንጂ ምትክ አይደለም። ክብደት መቀነስ፣ ማታ መጠጥ መተው፣ በጎን መተኛትም አብረው ይሄዳሉ።

ቲክቶክ ላይ ያለውስ?

መንጋጋ ለማሳመር ምላስን ላንቃ ላይ መጫን ሚዊንግ ይባላል፤ ስሙ ጆን ሚው ከተባለ እንግሊዛዊ የጥርስ አስተካካይ የመጣ ነው። ከቴራፒው ጋር የሚያመሳስለው የምላሱ ቦታ ብቻ ነው። እድገቱን የጨረሰ ሰው አጥንት በዚህ ይለወጣል የሚለውን የሚደግፍ ጠንካራ ማስረጃ የለም፤ የአሜሪካ የጥርስ አስተካካዮች ማኅበርም ይህንኑ ተናግሯል። ቪዲዮ ላይ «በፊትና በኋላ» የሚታየው ለውጥ አብዛኛው የካሜራ ማዕዘንና የአንገት አያያዝ ነው። አገጭን ቀና አድርጋችሁ በጎን ብርሃን ፎቶ ተነሱ፣ እናንተም መንጋጋ ታወጣላችሁ።

ፕላስተሩ ግን እንደዚህ የሚሳቅበት አይደለም። በ2025 የካናዳ ተመራማሪዎች 10 ጥናቶችን አይተው ጥቅሙ ብዙም እንዳልተረጋገጠ፣ አፍንጫው የተዘጋ ሰው ላይ ደግሞ የመታፈን አደጋ እንዳለው አስታውቀዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በሩ ተቆልፎ በመስኮት የሚገባውን ሰው መስኮቱንም ዘጋችሁበት ማለት ነው። ልጅ ላይ በፍጹም አትሞክሩት።

የምላስ ክር ማስቆረጥም እንደዚሁ ፋሽን እየሆነ ነው። ከምላስ ሥር ያለው ክር አጭር ሆኖ ጡት መጥባት ያቃተው ሕፃን ላይ በሐኪም መለቀቁ ይረዳል። ግን አፉን የከፈተ ልጅ ሁሉ ምላሱ የታሰረ አይደለም።

ታዲያ ማን ጋር ይኬዳል?

መጀመሪያ የአንገት በላይ ሐኪም ጋር። አፍንጫው ክፍት ነው ወይስ አይደለም? አዴኖይዱ፣ ቶንሲሉ፣ አለርጂው? ይህ ሳይታይ የምላስ ስፖርት መጀመር ቤቱ ሳይጠረግ ምንጣፍ ማንጠፍ ነው። የጥርስ ሐኪሙ ላንቃውንና አገጣጠሙን ያያል። ስፖርቱን የሚያስተምሩት ብዙ ጊዜ የንግግር ሕክምና ባለሙያዎች ናቸው፤ አሜሪካ ውስጥ በዚህ የሠለጠኑ የጥርስ ጤና ባለሙያዎችም ይሠሩታል። ብራዚል ውስጥ የንግግርና የመስማት ባለሙያዎች መደበኛ ሥራ ነው። እኛ አገር የንግግር ሕክምና ባለሙያ ጥቂት ስለሆነ አንገት በላይ ሐኪሙን ወዴት ልሂድ ብሎ መጠየቁ ይሻላል። ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ከመጀመራችሁ በፊት ኢንሹራንሳችሁ ይሸፍን እንደሆን ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ አይሸፍንም፣ ክፍያውም ለወራት ነው።

ትንፋሹ እየቆመ የሚቀጥል፣ ተኝቶ እያለ ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ፣ በላብ ተነክሮ የሚነሳ ወይም ሽንት መቆጣጠር ከጀመረ በኋላ እንደገና አልጋ ላይ መሽናት የጀመረ ልጅ ካለ ቀጠሮው አይራዘም። አዋቂም ከሆነ፣ በተለይ ግፊት ያለበትና መኪና የሚነዳ፣ እንደዚያው።

ከመሄዳችሁ በፊት ግን አንድ ሥራ አለ። ልጁ እንቅልፍ ከወሰደው ከሁለት ሰዓት በኋላ ገብታችሁ፣ ብርድ ልብሱን ከደረቱ ገለጥ አድርጋችሁ፣ አፉና ደረቱ አንድ ላይ እንዲታዩ አድርጋችሁ ሁለት ደቂቃ ቪዲዮ በስልክ ቅረጹ፤ ድምፁ ይሰማ። ሐኪም ቤት ሲደርስ ልጁ ነቅቶ፣ አፉን ገጥሞ፣ ጨዋ ሆኖ ስለሚቀመጥ ሌሊት የምታዩትን ለሐኪሙ የሚያሳይላችሁ ያ ቪዲዮ ነው።